ሕፃኑ ሲመዘን እናቱን ማን ጠየቃት? የድኅረ ወሊድ ድባቴ ምርመራ ታሪክና የፎገራ አራሶች

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚታጠፈው መንገድ በሚነሣበት ሥፍራ የምትገኘው ወረታ የፎገራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከከተማዋ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጠጣ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ቀድሞ በከብቱ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሩዝ ምርቱ የታወቀ አገር ነው። በዚህ ሜዳ የተወለደ ሕፃን በየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍል እንደተወለደው ሁሉ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር ለክትባት ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይቀርባል። ሕፃኑ ብቻውን አይመጣም፤ አዝላ የምታመጣው እናቱ ናት። ልጁ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ የተከተበው በካርዱ ላይ ይሰፍርለታል፣ የሚቀጥለውም ቀጠሮ ለእናቱ ይነገራታል። እናቲቱ ራሷ እንዴት እንደሰነበተች፣ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ፣ ልቧ ከልጇ ጋር እንደሆነ የሚሰፍርበት ዓምድ ግን በክትባት ካርዱ ላይ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የጎደለ ጥያቄ በታሪኩ በኩል መመልከት ነው። ጥያቄው አዲስ የውጭ ፋሽን አይደለም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ ስኮትላንድን ዞሮ፣ በቡታጅራና በአዲስ አበባ ተፈትኖ የደረሰን ነው። ታሪኩ ለጤና ባለሙያ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ጥያቄው በእናቲቱ ቋንቋ ካልቀረበ ሕመሙን አያገኘውም። ሁለተኛው፣ ጥያቄውን ተከትሎ የሚሰጥ እርዳታ ከሌለ መጠየቁ ብቻውን እናቲቱን አይጠቅማትም።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከወሊድ በኋላ የሚታይ የስሜት መለዋወጥ ሁሉ በሽታ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣውና በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚያልፈው ሆደ ባሻነት ብዙ ወላዶችን የሚነካ፣ ዕረፍትና ማጽናናት የሚበቃው ነው። ድባቴ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ይዘልቃል፤ ደስታን ይነጥቃል፣ ጉልበትን ያዝላል፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ያዛባል፣ ራስን መውቀስንና አንዳንድ ጊዜም ሞትን መመኘትን ያመጣል። ከእነዚህ የተለየው ከ1000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚያገኘው ከባድ የአእምሮ መቃወስ ሲሆን፣ ይህ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ የሚገባው ድንገተኛ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ የጥናቶች ቅንብር እንዳመለከተው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከነፍሰ ጡሮች 16 ከመቶ ያህሉ፣ ከወላዶች ደግሞ 20 ከመቶ ያህሉ ድባቴና ጭንቀትን በመሳሰሉ የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች ይጠቃሉ። ይህም በክትባት ቀን ወረፋ ከያዙ አምስት እናቶች አንዷ እንደ ማለት ነው።

አራስ በአገሩ ልማድ

የአራስን ስሱነት ሕዝቡ ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቀዋል። በጎንደርና በአካባቢው አራስ ብቻዋን አትተውም። ከመኝታዋ ሥር ብረት ይደረግላታል፣ ገንፎና ቅቤ ይቀርብላታል፣ ከፀሐይና ከሽታ ትጠበቃለች። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጠይቃታል። ወንድ የወለደች እስከ 40 ቀን፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን ክርስትናው እስኪደርስ ድረስ ከከባድ ሥራ መከልከሏ የወግ ነው። ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ የምትወልድም ብዙ ናት። የሙስሊሙ ኅብረተሰብም ወላዱን የሚጠብቅበት የራሱ የአርባ ቀን ሥርዓት አለው። የሥርዓቱ ትርጓሜ ከመንፈስና ከምች ጋር ቢያያዝም፣ በተግባር የሚሰጣት ነገር ዕረፍት፣ ምግብና ሰው ነው። ዛሬ በሳይንስ ከድባቴ ይከላከላሉ ከሚባሉት ነገሮች ዋነኞቹ እነዚሁ ናቸው።

ይሁን እንጂ ልማዱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ቻርሎት ሃንሎንና የኢትዮጵያ ባልደረቦቿ በቡታጅራ ገጠር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሕዝቡ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀትን ለይቶ ያውቃል፤ መነሻውንም በአብዛኛው የአራስነቱ ሥርዓት ከመጓደሉ ጋር ያያይዘዋል። ሥርዓቱን የሚያጓድለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድህነት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ደጋፊ የሌላት አራስ ቀድማ ከቤት ለመውጣት ትገደዳለች፤ ከታመመችም ሕመሟ ቀድማ በመውጣቷ የመጣባት ተደርጎ ይቆጠራል። በፎገራ ሜዳ የሩዙ አረም ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ የአረሙ ወቅትም ውኃው ከሚሞላበትና ወባው ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ሐይቁና ወንዞቹ ሞልተው ቤተሰብ ሲያፈናቅሉ ደግሞ አርባ ቀን መተኛት የማይታሰብ ይሆናል። ስለዚህ ልማዱ አለ ብሎ መተማመን፣ ልማዱ ያልደረሰላትን እናት መርሳት ነው።

ጎንደር በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ታሪክም አላት። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ መልካም አየሁ በተባለች የዛር መሪ ቤት የሚደረገውን ሥርዓት ተከታትሎ ጽፏል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ያጠናው አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። በእርሱ አመለካከት ወደ ማኅበሩ ከሚመጡት ብዙዎቹ በትዳራቸው ችላ የተባሉ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያም የሚሰማቸው ሰው ያገኙ ነበር። ሐኪም ዛርን መቀበል አይጠበቅበትም። ሆኖም ሴቶቹ ጭንቀታቸውን የሚናገሩበት ቦታ ሲፈልጉ እንደነበርና ያን ቦታ በጊዜው የነበረው የሕክምና ቤት እንዳልሰጣቸው ከታሪኩ ይረዳል።

ከካምፓላ እስከ ኤድንብራ

በዘመናዊው ሕክምና የወላዶችን የአእምሮ ሕመም ለብቻው በመጽሐፍ ያጠናው ፈረንሳዊው ሉዊ ቪክቶር ማርሴ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1858 ታትሟል። እርሱ የጻፈው በአብዛኛው ወደ ሐኪም ቤት ስለገቡት ከባድ ሕሙማን ነበር። ቤታቸው ሆነው ልጃቸውን እያጠቡ በጸጥታ የሚሰቃዩት እናቶች ትኩረት ያገኙት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ብራይስ ፒት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን የወላዶችን ድባቴ መርምሮ ጻፈ፤ ጉዳዩም ከሆስፒታል ወደ መኖሪያ ቤት ወረደ።

ቀጣዩ እርምጃ የተጀመረው በአፍሪካ ነበር። ጆን ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካምፓላ በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ ከከተማው ወጣ ባለ አካባቢ 263 ነፍሰ ጡሮችን አጠና፤ ከወለዱም በኋላ ተከታተላቸው። የጋንዳ ሕዝብ «አማኪሮ» የሚለው የወላድ ሕመም እንዳለና መነሻውም በእርግዝና ጊዜ ከተፈጸመ ጥፋት ጋር እንደሚያያዝ መዘገበ። በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ተመሳሳይ ጥናት ሲያደርግ፣ በሁለቱም አገሮች በድባቴ የተያዙት እናቶች መጠን ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። «ይህ የሠለጠነው ዓለም ሴቶች በሽታ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መሠረቱን አጣ።

ከዚህ ልምድ በኋላ ኮክስ፣ ጄኒ ሆልደንና ሩት ሳጎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1987 የኤድንብራን የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ አሳተሙ። መለኪያው 10 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይቆጠራል፤ ድምሩ ከ30 አይበልጥም። ቀደም ሲል የነበሩት መጠይቆች ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቁ ነበር፤ ሕፃን የምታጠባ ሴት ሁሉ ደግሞ ይደክማታል፣ እንቅልፍም ያጥራታል። አዘጋጆቹ ይህን አይተው የሰውነት ስሜቶችን አውጥተው በሳቅ፣ በተስፋ፣ በፍርሃት፣ በራስ ወቀሳና በለቅሶ ላይ አተኮሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ሆልደን ራሷ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች የምትጎበኝ የጤና ባለሙያ ነበረች። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሙከራ፣ በድባቴ የተያዙ እናቶችን የቤት ለቤት ጎብኚዎቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት እንዲያዳምጧቸው አደረጉ። ከተደመጡት 26 እናቶች 18ቱ፣ ማለትም 69 ከመቶ የሚሆኑት፣ ሲያገግሙ፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት 24 እናቶች ያገገሙት 9 ወይም 38 ከመቶ ነበሩ። ጎብኚዎቹ የአእምሮ ሐኪሞች አልነበሩም፤ የማዳመጥ አጭር ሥልጠና ያገኙ ነበሩ። መለኪያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከእርዳታ ጋር ተጣምሮ የተወለደ መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ወደ ሌሎች አገሮች ሲዛመት ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ብቻውን ተጓዘ።

የሕፃናት ጤና አገልግሎትና የእናቲቱ ቦታ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት የተመሠረተው በወረርሽኝ ምክንያት ነበር። በደምቢያ ሜዳ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የመጀመሪያው ጭንቀት ሞትን ማስቆም ነበርና ትኩረቱ በወባ፣ በተላላፊ በሽታና በሕፃናት ሞት ላይ መሆኑ ተገቢ ነበር። የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሲጀመርም ለሕፃናት ብቻ አልነበረም፤ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶችም የቴታነስ ክትባት እንዲወስዱ ታቅዶ ነበር። የክትባቱ አገልግሎት የእናቲቱን ክንድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ያውቀዋል፤ ስለ መንፈሷ ግን አይጠይቅም ነበር።

የአእምሮ ሕክምናው በበኩሉ በሌላ መንገድ ሄደ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከወረታ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዲት አራስ ሕፃኗን ታቅፋ የምትሄደው መንገድ አልነበረም። በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር መራራቁ መጥበብ ጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲመሠረት በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን አኖረ፤ ሕፃኑንም እናቱንም በቤታቸው የሚያውቅ ባለሙያ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ 16 የሥራ ክፍሎች ውስጥ የአእምሮ ጤና አልነበረም፤ በኋላ በተሻሻለው ፕሮግራም ግን ተጨምሯል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ ጋር እንዲዋሐድ አቅጣጫ ሰጥቷል።

የፎገራና የሊቦ ከምከም ባለሙያ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ምሳሌ በቅርብ አለው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ተረጋግጦ ወደ ፎገራም መድረሱ ሲታወቅ፣ ከዚያ በፊት ብዙ ሕሙማን መድኃኒት የማይመልሰው ወባ እንደያዛቸው ተቆጥረው ነበር። ትኩሳቱ ነበር፤ ያበጠው ጣፊያም ነበር። ያልነበረው በሽታው እዚህ ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብና የሚለይበት መመርመሪያ ነው። አንዲት ወላድ በራስ ምታት፣ በወገብ ሕመምና በድካም በተደጋጋሚ መጥታ በየጊዜው የሕመም ማስታገሻ ይዛ ስትመለስ የሚሆነውም ከዚህ አይለይም። ባለሙያው ድባቴ እዚህ ሊኖር ይችላል ብሎ ካላሰበ አያገኘውም።

መለኪያው በአማርኛ ሲጠየቅ

የኤድንብራ መለኪያ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ያጋጠመው ፈተና ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ከ10ሩ ጥያቄዎች አንዱ በእንግሊዝኛው ነገሮች «በላዬ ላይ ወጡ» በሚል ፈሊጥ የተጻፈ ነው። ቃል በቃል ቢተረጎም ለፎገራ ሴት ትርጉም የለውም፤ «ነገሩ ሁሉ ከዐቅሜ በላይ ሆነብኝ» ሲባል ግን ይገባታል። ከቃላቱ በላይ የአመላለሱ ሥርዓትም ያስቸግራል። መለኪያው የተዘጋጀው ወረቀት ተቀብላ ራሷ አንብባ ከአራት ደረጃዎች አንዱን ለምትመርጥ እናት ነው። ማንበብ ለማትችል እናት አራቱን አማራጭ በቃል አንብቦ «የቱ ነው?» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ቻርሎት ሃንሎን፣ ግርማይ መድኅን፣ ዶ/ር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የኤድንብራን መለኪያና የዓለም ጤና ድርጅትን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በቡታጅራ ጎን ለጎን ፈተኑ። በገጠሩ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ባለ 20 ጥያቄው ነበር። ይህ መጠይቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚመለስለት ሲሆን፣ ኤድንብራዎች ሆን ብለው ያወጧቸውን የሰውነት ስሜቶች ይጠይቃል፤ ራስሽን ያምሻል ወይ፣ የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል ወይ፣ እንቅልፍ ትነሺያለሽ ወይ፣ ሆድሽን ይረብሽሻል ወይ ይላል። የራስን ሕይወት ስለ ማጥፋት ሐሳብም ይጠይቃል። በስኮትላንድ ሰውነትን ከጥያቄው ማውጣት ትክክል ነበር፤ በኢትዮጵያ ገጠር ግን ኀዘን ራሱ በሰውነት ይናገራል። «ራሴን ይከብደኛል፣ ሰውነቴ ዛለ፣ ሆድ ይብሰኛል፣ ቀልቤ አልሰበሰብ አለ» የሚሉት አባባሎች የዚህ አገር የድባቴ ምልክቶች ናቸው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዶ/ር ማርቆስ ተስፋዬ የሚባሉ አጥኚም ሆኑ ሌሎች ስማቸው ሳይነሣ የቀሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸውና ስም መዘርዘሩን ትተን ወደ ውጤቱ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የኤድንብራን መለኪያና ኬስለር የሚባሉትን አጫጭር መጠይቆች በአዲስ አበባ ሕፃናቶቻቸውን ለማስከተብ በመጡ እናቶች ላይ ፈተነ። በከተማው መለኪያዎቹ ተቀባይነት ያለው ውጤት ሰጡ። ጥናቱ የተካሄደበት ቦታም ትርጉም አለው፤ በክትባት ክፍል ውስጥ እናትን መጠየቅ እንደሚቻል በተግባር ታየ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች የሚጠቀሙበት መለያ ነጥብ 8 ሲሆን፣ በስኮትላንድ ከተወሰነው 13 ዝቅ ያለ ነው። ያንኑ ወረቀት በተለያየ አገር፣ በገጠርና በከተማም ጭምር፣ በአንድ ቁጥር መለካት እንደማይቻል ከዚህ እንማራለን። ለወረታ ከተማ የሚስማማው ለሩዝ ማሳው ቀበሌ ላይስማማ ይችላል።

የእናት ሕመም፣ የልጅ ጤና

የሕፃናት ጤና ባለሙያ «ይህ የእኔ ሥራ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በቡታጅራ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 1065 ነፍሰ ጡሮችን መዝግቦ እነርሱንና ልጆቻቸውን የተከታተለው ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመራዘም፣ ጡት ማጥባት የመጀመራቸውም ነገር የመዘግየት ዕድል እንዳለው አሳይቷል። ጭንቀቱ ከወሊድ በኋላም በቀጠለባቸው እናቶች ልጆች ዘንድ፣ በሁለት ወር ዕድሜ የተቅማጥ ሥጋት በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሌላ በኩል ይኸው የክትትል ሥራ በክብደት ማነስ ረገድ ጠንካራ ግንኙነት አላገኘም። በማላዊ ለኩፍኝ ክትባት በመጡ ሕፃናት ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ግን የታመሙ እናቶች ልጆች በቁመት አጠር ብለው እንደተገኙ ያመለክታል። ማስረጃው በሁሉም ነገር አንድ አይደለም፤ በተቅማጥ ደጋግሞ የሚመጣን የሁለት ወር ሕፃን ስናክም ግን እናቱን መጠየቅ የሕፃኑ ሕክምና አካል መሆኑን ለማመን ይበቃል።

ልጁን ወደ ጎን ትተን ስለ እናቲቱ ብቻ ብናስብም ጉዳዩ ከባድ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲው ተላከ አዛለና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ በሶዶ ወረዳ 3147 ወላዶችን አጥንተው 12.2 ከመቶ በሚሆኑት ላይ የድባቴ ምልክት አግኝተዋል። ምልክቱ ከታየባቸው 385 እናቶች ውስጥ የአእምሮ ጤና ሕክምና ያገኙት 4.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የእነዚሁ እናቶች ልጆች ደግሞ የክትባት ቀጠሮ ያላቸው ናቸው። የክትባት ቀን ከእነዚህ እናቶች ጋር የምንገናኝበት፣ አንዳንድ ጊዜም ብቸኛው፣ ዕድል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከጥያቄው በኋላ

በሌላው ዓለም ይህ ዕድል ወደ መመሪያ ተለውጧል። የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ወላዶች ባለፈው ወር ስለ ነበራቸው የመከፋት ስሜትና ስለ ደስታ ማጣት በሁለት አጫጭር ጥያቄዎች እንዲጠየቁ መከረ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የሕፃናት ሐኪሞች በሕፃኑ የመጀመሪያ ወራት ምርመራዎች እናቱንም እንዲመረምሩ አሳሰበ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የእናቶችን የአእምሮ ጤና ከእናቶችና ሕፃናት አገልግሎት ጋር ማዋሐጃ መመሪያ አውጥቷል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከፓኪስታን የመጣው ነው። አቲፍ ራህማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሙከራ፣ በራዋልፒንዲ ገጠር የሚሠሩ የኅብረተሰብ ጤና ሴት ሠራተኞች በድባቴ ለተያዙ እናቶች ቤት ለቤት እየሄዱ ቀላል የንግግር ሕክምና ሰጡ። ከስድስት ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው ከተረዱት እናቶች 23 ከመቶ፣ ካልተረዱት ደግሞ 53 ከመቶ ነበሩ። እነዚህ ሠራተኞች በሙያ ደረጃቸው ለእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቀረቡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 የዚህን ዘዴ መምሪያ አሳትሞ ለሌሎች አገሮች አቅርቦታል። የሆልደን የ1989 ትምህርት በሌላ አህጉር ተደገመ ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ወደ ወረታና ወደ ፎገራ ቀበሌዎች ስናመጣው ከባድ ወጪ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛ፣ ጥያቄው በሰላምታ ይጀምር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጁስ ደኅና ነው፤ አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ?» የሚለው አነጋገር ለክርስቲያኗ እናት የታወቀ ነው፤ ለሙስሊሟም እንደ ልማዷ ይባላል። ከዚያ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሆድ መባስ መጠየቅ ይቻላል። መጠይቁ የሚመጣው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦታው ይታሰብበት። በክትባት ወረፋ መካከል፣ አማት አጠገቧ ተቀምጣ፣ እውነቷን የምትናገር እናት ጥቂት ናት። ሕፃኑ የሚመዘንበት ማእዘን በመጋረጃ ቢከለል፣ ወይም ጥያቄው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤት ጉብኝት ቢተው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሞት መጠየቅ አያስፈራ። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥረውም። «አዎ» ያለች እናት ግን ብቻዋን ወደ ቤት አትመለስም፤ ቤተሰብ ተጠርቶ በዕለቱ ሐኪም ማየት አለባት።

አራተኛ፣ መላኪያው አስቀድሞ ይታወቅ። በጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደው ባለሙያ ማን ነው? ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይስ ወደ ጎንደር ይላካል? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድን ሲዘጋና መድኃኒትን ሲያሳጣ እንደታየው፣ በቅርብ ሊሰጥ የሚችለውን እርዳታ ማጠናከር ከመላክ ይቀድማል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማዳመጥ፣ ባልን መምከር፣ ጎረቤትን ማስተባበር፣ ከአርባው ቀን በፊት ለሥራ የወጣችውን እናት ሸክም ማቃለል መንገድ ቢዘጋም የሚሠሩ ሕክምናዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

የድኅረ ወሊድ ድባቴ ምርመራ ታሪክ በአመዛኙ የማዳመጥ ታሪክ ነው። ኮክስ በካምፓላ ዳርቻ የሴቶቹን ቃል ባያዳምጥ፣ ሆልደን በስኮትላንድ ቤቶች ባትቀመጥ፣ የቡታጅራ ተመራማሪዎችም የውጭው ወረቀት በገጠር ሴት አንደበት እንዴት እንደሚሰማ ባይፈትኑ፣ ዛሬ በእጃችን ያለው እውቀት አይኖርም ነበር። ሦስቱም ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው ቃሉ ከእናቲቱ ሲነሣና ከቃሉ በኋላ የሚደግፍ እጅ ሲኖር ነው።

የፎገራ ሕዝብ አራስን የመጠየቅ ወግ ከጥንት ጀምሮ አለው። የጤና ተቋማቱም የክትባት ቀንን ለዓመታት ሲገነቡ ኖረዋል። የሚቀረው ሁለቱን ማገናኘት ነው። በ6ኛው ሳምንት ሕፃኑ ሲመዘን እናቱም ትጠየቅ፤ መልሷም በካርዱ ላይ የሚሰፍርበት አንድ መሥመር ይኑረው።